ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል፤ ጭምቱ የጎጃም መነኩሴ

በእኛ አገር ሰው የሚታወቀው ከሰው ጋር በሚኖረው ኑሮ ነው። ልደቱም፣ ሠርጉም፣ ሐዘኑም የብቻው አይደለም። ጎረቤት ሳይጠራበት የተጠጣ ቡና እንደ ቡና አይቆጠርም፤ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምክንያቱ ይመረመራል፤ የጽዋ ማኅበር፣ ሰንበቴና ዕድር የኑሮአችን ምሰሶዎች ናቸው። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በዚህ መልካም ልማድ መካከል ሆነው በዝምታ የሚጨነቁ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። እነርሱም በተፈጥሮአቸው ጭምት የሆኑ፣ ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ቶሎ የሚደክሙ፣ ከአንድና ከሁለት ወዳጅ ጋር ወይም ከመጽሐፍና ከጸሎት ጋር ሲሆኑ ግን ነፍሳቸው የምታርፍ ሰዎች ናቸው። አንዱ ኩሩ ይላቸዋል፤ ሌላው ቂመኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ በሽተኛ ይላቸዋል። ከሁሉም የሚከፋው ግን እነርሱ ራሳቸው ይህን እየሰሙ አድገው፣ እግዚአብሔር ሲፈጥራቸው አንድ ነገር ያጎደለባቸው መስሎ የሚታያቸው መሆኑ ነው።

ይህ ፈተና ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በየቁምስናችን በመዘምራን መካከል የማይታየው፣ በወጣቶች ጉባኤ እጁን የማያወጣው፣ ከቅዳሴ በኋላ በግቢው ቆሞ የማይጫወተው ምእመን እምነቱ የቀዘቀዘ መስሎን እናውቃለን። እምነት በድምፅ ከፍታ የሚለካ ይመስል፣ እንዲህ ያለውን ሰው ለመለወጥ እንጂ ለማወቅ የምንደክመው ጥቂቶች ነን።

በመሆኑም በዚህ እትማችን የጎጃም ልጅ የሆኑትን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ብፁዕ ብላ የምታከብራቸውን የሰማዕቱን የአባ ገብረ ሚካኤልን ሕይወት ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን። በጥር ወር 2015 የተቋቋመው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከታችን የእርሳቸው የትውልድ ምድር የሚገኝበት ነው። ሕይወታቸውን ብዙ ጊዜ የምናነሣው ስለ ሰማዕትነታቸው ነው። ዛሬ ግን ከሰማዕትነቱ በፊት የነበሩትን ረጅም የዝምታ ዓመታት አብረን እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ይገንዘቡልን።

የዝምታ ምድር

በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳር ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ሰው ክብራን ገብርኤልና እንጦስ ኢየሱስ ቅርብ ሆነው ይታዩታል። ወደ ሐይቁ መካከል ሲዘልቁ ደቅና ዳጋ እስጢፋኖስ ይገኛሉ። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የአገራችን መነኮሳት እነዚህን ደሴቶች የመረጡት ውኃው ከገበያና ከአደባባይ ጫጫታ ስለሚለያቸው ነው። ይሁን እንጂ ውኃው ከሰው ፈጽሞ አልለያቸውም። ታንኳው ይመላለሳል፤ ንጉሡም ገበሬውም ምክርና ጸሎት ፍለጋ ይሻገራል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የተጻፉትና የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት እስከ ዛሬ የአገር ቅርስ ሆነው ይኖራሉ። እንግዲህ የሐይቃችን ታሪክ ራሱ፣ ዝምታን የመረጠ ሰው ለወገኑ የማይጠቅም ሰው አለመሆኑን ይመሰክራል።

የገዳም ሥርዓታችንም ቢሆን የሰዎች ጠባይ ልዩ ልዩ መሆኑን ከጥንት ያውቃል። በአንድ ማዕድ ተሰብስበው በአንድነት የሚኖሩ መነኮሳት አሉ፤ በየበዓታቸው ተለይተው የሚጸልዩ ባሕታውያንም አሉ። ሁለቱም መንገዶች ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ በመሆናቸው አንዱ ሌላውን አይነቅፈውም። በጎጃም የቅኔ ቤትም ይኸው ጥበብ ይታያል። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ወይም በቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ በጉባኤው ፊት ይነግራል። ቆጠራው ከሌለ የሚነገር ቅኔ የለም፤ ነገራው ከሌለም የተቆጠረው ቅኔ ለማንም አይደርስም። አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት እንዲህ ባለው ምድር ነው፤ ሕይወታቸውም በዚሁ በመለየትና በመገለጥ ሥርዓት የተመራ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዲቦ እስከ መርጡለ ማርያም

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ፣ በምሥራቅ ጎጃም ከመርጡለ ማርያም ብዙ በማይርቅ ዲቦ በተባለ መንደር ተወለዱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። በጎንደር ያሉት ነገሥታት በስም ብቻ ነግሠው፣ በየአውራጃው ያሉት መሳፍንት በጦር የሚፎካከሩበት ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን የገበሬ ልጅ በእርሻና በጦር ይፈለጋል፤ ጎበዝ የሚባለውም በአደባባይ የሚፎክር፣ በሰው መካከል ደምቆ የሚታይ ነበር። ገብረ ሚካኤል ግን ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። መንገዳቸውም ወደ ትምህርት ሆነ። አንድ ዓይን የቀረው ልጅ ከብዙዎቹ ሁለት ዓይን ካላቸው ይልቅ መጽሐፍን የሚያይ ሆነ።

በሃያ አምስት ዓመታቸው ገደማም በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኮሱ። መርጡለ ማርያም እቴጌ እሌኒ ያሠሯት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ እስከ ዛሬ የሚታይባት፣ በጎጃም ከታወቁት ጥንታውያን አድባራት አንዷ ናት። ወጣቱ መነኩሴ በዚያ መጻሕፍትን መመርመር ጀመሩ። ነገር ግን የሚያነቡት ሥርዓተ ምንኩስናና በዙሪያቸው የሚያዩት ኑሮ አልጣጣምላቸው አለ። የምንኩስና ሕይወት ከጥንታዊ ክብሩ ዝቅ ያለው ለምን እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ሌላው ሰው ቢሆን በዚህ ምክንያት በተማረረ ወይም ወገን አበጅቶ በተከራከረ ነበር። እርሳቸው ግን የመረጡት መመርመርን ነው። ከገዳሙ ፈቃድ ተቀብለው በየአድባራቱ ያሉትን መጻሕፍት ፍለጋ ተነሡ፤ እስከ ጎንደርም ደረሱ።

በጎንደር መጽሐፈ መነኮሳትን መርምረው ለሌሎች መነኮሳት አስተማሩ። ይህ መጽሐፍ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የሚባሉትን ሦስት ክፍሎች የያዘ ሲሆን፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ ልብ ጥበቃና ስለ ጸሎት በሰፊው ያስተምራል። ብዙዎች ዝምታን እንደ ሸክም በሚያዩበት ጊዜ፣ ይህ መጽሐፍ ዝምታ የራሱ ሥራና የራሱ ደስታ እንዳለው የሚያሳይ ነው። አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ ጉዳይ መምህር ሆኑ እንጂ በሹመት ወደ ፊት ለመውጣት አልሮጡም። ክህነትን የተቀበሉት ስድሳ ዓመት ሊሆናቸው ሲቃረብ ነውና፣ የሕይወታቸውን አብዛኛውን ክፍል ያሳለፉት ያለ ምንም ማዕረግ፣ በተራ መነኩሴነት ነበር።

ወገን በበዛበት ከተማ

የዚያን ጊዜዋ ጎንደር የሊቃውንት ከተማ ነበረች። ሊቃውንቱም ስለ ጌታችን ምሥጢረ ሥጋዌ በሦስት ትምህርቶች ተከፍለው ይከራከሩ ነበር። በጎጃም ቅባት የሚባለው ትምህርት የጸና ሲሆን፣ በጎንደርና በሸዋ የሦስት ልደት ትምህርት፣ በትግራይ ደግሞ የካራ ትምህርት ደጋፊዎች ነበሩት። ክርክሩ ያበቃው አባ ገብረ ሚካኤል ከዚህ ዓለም ከተለዩ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1878 በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ነው። በዚያን ጊዜ ለአንድ ሊቅ ወገን መያዝ ማለት እንጀራም፣ ወዳጅም፣ መጠጊያም ማግኘት ማለት ነበር። ከወገኑ የተለየ ሰው ደግሞ ብቻውን ይቀራል።

አባ ገብረ ሚካኤል በዚህ መካከል የሄዱበት መንገድ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ያደጉበትን የቅባት ትምህርት መርምረው ወደ ሦስት ልደት ትምህርት አለፉ፤ በዚያም ልባቸው ሙሉ በሙሉ አላረፈም። ለወገን ሲሉ ያላመኑበትን አምናለሁ ማለት አልሆነላቸውም። ጭምት ሰው በብዙዎች ዘንድ ደካማ ተደርጎ ይታያል፤ በእርግጥም በአደባባይ ብዙ አይጋፋም። ነገር ግን ውስጡን መስማት የለመደ ሰው ሁሉ ሰው የሚለውን ለማለት ብዙ አይቸኩልም። የአባ ገብረ ሚካኤል ጽናት መጀመሪያ የታየው በእስር ቤት ሳይሆን በዚህ በመጻሕፍትና በሕሊና መካከል በተደረገ ረጅም ትግል ነው።

በመጨረሻም መልስ ፍለጋ ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ቆርጠው ከጎንደር ወጡ። እድሜያቸው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር።

ሁለት ዝምተኞች ተገናኙ

በዚያው ወራት የትግራዩና የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከእስክንድርያው ፓትርያርክ አዲስ ጳጳስ የሚያመጡ መልእክተኞች ወደ ግብፅ ለመላክ ተዘጋጅተው ነበር። ከመልእክተኞቹ ጋር እንዲሄዱ የተለመኑት ጣሊያናዊው የላዛሪስት ማኅበር ካህን አባ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ነበሩ። እርሳቸውም በ1800 በደቡብ ጣሊያን በሳን ፌሌ ተወልደው፣ በ1839 ወደ አገራችን የመጡ ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤል ከዚህ ጉዞ ጋር ተቀላቀሉ።

ስለ አባ ዩስጢኖስ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የአባ ገብረ ሚካኤልን ልብ የከፈተው የእርሳቸው ጠባይ ነውና። ወደ ዓድዋ በመጡ ጊዜ በአደባባይ ለመስበክ አልቸኮሉም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በትንሽ ቤት ተቀምጠው፣ ቋንቋ እየተማሩና እየጸለዩ አሳለፉ። ከዚያም ለመጡላቸው ጥቂት ሰዎች በፍቅርና በትሕትና መናገር ጀመሩ። የአገሩን ምግብ በሉ፤ የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ። ከዓመታት በኋላ ለጵጵስና በተመረጡ ጊዜም በብዙ እምቢታ ቆይተው፣ በ1849 በምጽዋ በአቡነ ማስያስ እጅ የተቀበሉት በግድ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ በዚህ ጉዞ የተገናኙት ከመናገር ይልቅ መስማት የሚቀናቸው ሁለት ሰዎች ነበሩ።

መልእክተኞቹ በ1841 ካይሮ ደረሱ። ፓትርያርኩም አባ እንድርያስ የተባሉትን ወጣት ግብፃዊ መነኩሴ አቡነ ሰላማ ብለው ለኢትዮጵያ ሾሙ። ከዚህ በኋላ ከመልእክተኞቹ አንዳንዶቹ፣ አባ ገብረ ሚካኤልም ጭምር፣ ከአባ ዩስጢኖስ ጋር ወደ ሮም ተሻገሩ። በዚያም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ በአባትነት ተቀበሏቸው። ከሮምም ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

አንድ ሰው ከዚህ ሁሉ ጉዞ በኋላ፣ በሮም ግርማና በአባ ዩስጢኖስ ፍቅር ተማርኮ ወዲያውኑ የሚወስን ይመስል ይሆናል። አባ ገብረ ሚካኤል ግን እንዲህ አላደረጉም። ያዩትን በልባቸው ይዘው ተመለሱ፤ ጥያቄያቸውንም ለአገሩ ጳጳስ ለአቡነ ሰላማ አቀረቡ፤ ከአቡኑ ጋር ግን መስማማት አልቻሉም። ከዚያም ወደ ዓድዋ ወደ አባ ዩስጢኖስ መጥተው፣ ሲወያዩና ሲያነቡ ብዙ ቆዩ። ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አንድነት የገቡት በ1844 መጀመሪያ ላይ፣ ሮምን ካዩ ከሁለት ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። አባ ዩስጢኖስም አላቻኮሏቸውም። ጭምት ሰው ውሳኔው ቀስ ብሎ የሚበስል መሆኑን የሚያውቅ ወዳጅ ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው፤ ይህን ጸጋ አባ ገብረ ሚካኤል አግኝተዋል።

መምህርና ካህን

ከዚህ በኋላ አባ ገብረ ሚካኤል ያላቸውን ሁሉ ለሌሎች ማካፈል ጀመሩ። አባ ዩስጢኖስ በአጋሜ ከአዲግራት አጠገብ በጓላ የካህናት ማሠልጠኛ ባቋቋሙ ጊዜ፣ የአገሩ ተወላጆች የሆኑትን ደቀ መዛሙርት ካስተማሩት መካከል ዋነኛው እርሳቸው ነበሩ። ለሕዝባችን አእምሮና ቋንቋ የሚስማማ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በማዘጋጀትና የሥነ ምግባር ትምህርት መጽሐፍ በመተርጐም አባ ዩስጢኖስን ረዱ። ለሠላሳ ዓመት ያህል በየገዳሙ ለብቻቸው ያነበቡት ሁሉ አሁን ፍሬ አፈራ። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብንናገር፣ የቆጠራው ዘመን አልፎ የነገራው ዘመን ደረሰ ማለት እንችላለን።

በ1851 አባ ዩስጢኖስ፣ በዚያን ጊዜ አቡነ ያዕቆብ ተብለው የሚጠሩት፣ አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። የስድሳ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ብዙ ወጣቶች ከእርሳቸው ተምረው ወደ ክህነት ሲያመሩ፣ እርሳቸው በመምህርነት ሥራቸው ረክተው ቆይተዋል። ቀድሞ መታየትን የማይሻ ሰው እንዲህ ባለው ነገር አይቀናም፤ ይህም የጭምትነት አንዱ መልካም ፍሬ ነው።

ሰንሰለት

በ1854 የአገሪቱ ሁኔታ ተለወጠ። ከቋራ የተነሡት ደጃዝማች ካሣ መሳፍንቱን አንድ በአንድ እያሸነፉ ወደ ንጉሥነት ይቃረቡ ነበር። ካሣ አገርን አንድ ለማድረግ ሃይማኖትንም አንድ ማድረግ እንደሚገባ ያምኑ ስለ ነበር ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማሙ። በዚህም ምክንያት በጎንደር የነበሩት ካቶሊካውያን ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ለወራት ታስረው በኋላ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። አባ ገብረ ሚካኤልና ሌሎች ኢትዮጵያውያን ወዳጆቻቸው ግን በእስር ቤት ቀሩ። እግራቸው በግንድ ተጠርቆ ተቀመጡ፤ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡም በተደጋጋሚ ተጠየቁ።

ካሣ በየካቲት 1855 በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። አባ ገብረ ሚካኤልም በንጉሡ ፊት ቀረቡ፤ ቃላቸውን ግን አልለወጡም። በጅራፍ ተገረፉ፤ ከዚያም በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር እንዲጓዙ ተደረገ። በግንቦት መጨረሻ 1855 በንጉሡ ችሎት ሞት ተፈረደባቸው። በዚያ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደንና ሌሎችም ስለ ለመኑላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባል። እኚህ ሽማግሌ ሕይወታቸውን ሙሉ ከጫጫታ የራቁ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ድንኳንና ፈረስ፣ ዘፈንና ፉከራ በበዛበት የጦር ሰፈር ውስጥ፣ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ብቻቸውን መሆን በማይችሉበት ሁኔታ ሌሊትና ቀን ይኖሩ ነበር። በዓታቸው ተወሰደባቸው፤ መጻሕፍታቸው ተወሰዱባቸው፤ ብቸኛ ወዳጃቸውም ከአገር ተሰደዱባቸው። ነገር ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ዝምታ በውስጣቸው የተሠራችው በዓት አልፈረሰችም። ብዙ ሰው በዙሪያው ሲጮህ ብቻውን መቆም የሚችለው፣ አስቀድሞ ብቻውን ከእግዚአብሔር ጋር መቀመጥን የተማረ ሰው ነው።

በዚያው በ1855 ክረምት፣ ሠራዊቱ በሚጓዝበት መንገድ ላይ፣ የኮሌራ በሽታ በገባበት ጊዜ፣ አባ ገብረ ሚካኤል በድካምና በሕመም ወድቀው ጨረጫ ገባባ በተባለ ስፍራ ዐረፉ። ይጠብቋቸው የነበሩት ወታደሮችም ሰንሰለቱን ፈትተው ቀበሯቸው። በየዓመቱ ሕዝብ የሚሰበሰብበት የታወቀ መቃብር የላቸውም፤ እንደ ኖሩት በስውር ዐረፉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በጥቅምት 1926 በሮም ብፁዕ ብለው አወጁላቸው። ወዳጃቸው አቡነ ያዕቆብም በ1860 በሐምሌ ወር ዐርፈው በሄቦ የተቀበሩ ሲሆን፣ በ1975 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተብለዋል።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ካርል ዩንግ የተባለው የስዊስ የሥነ ልቡና ሐኪም በ1921 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንዳንድ ሰዎች ኃይላቸውን ከውጭው ዓለም ሲያገኙ ሌሎች ደግሞ ከውስጣቸው የሚያገኙ መሆናቸውን አስረድቷል። ይህን ልዩነት እንደ በሽታ አልቆጠረውም። አባቶቻችን ግን ይህን ሐቅ በገዳምና በቅኔ ቤት ሥርዓት አስቀድመው ያውቁት ነበር። በቅዱስ ወንጌልም የእመቤታችን ጠባቂ ቅዱስ ዮሴፍ ብዙ ሲሠራ እናያለን እንጂ ሲናገር አንሰማም፤ ያም ሆኖ የመድኃኒታችን አሳዳጊነት የተሰጠው ለእርሱ ነበር።

ጭምት ለሆናችሁ ወንድሞችና እኅቶች የአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ሦስት ነገር ያስተምራል። አንደኛ፣ ተፈጥሮአችሁ የተሰጠ አደራ እንጂ የሚታፈርበት ጉድለት አይደለም። እርሳቸው ሌላ ሰው ለመሆን አልሞከሩም፤ ባላቸው ጠባይ ጸሎትንና ጥናትን ሠሩበት። ሁለተኛ፣ ዝምታ መሸሸጊያ ሊሆን አይገባውም። መነኩሴው ጊዜው በደረሰ ጊዜ አስተምረዋል፤ ተጉዘዋል፤ በንጉሥም ፊት መስክረዋል። እንዲሁም የታመመ ጎረቤት ሲኖር፣ ሐዘን የደረሰበት ቤት ሲጠብቅ፣ እኔ ጭምት ነኝ ብሎ መቅረት ፍቅርን መጉደል ነው። በብዙ ሰው መካከል መናገር የከበደው ሰው ከሐዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል፤ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ብቻውን ሄዶ መጠየቅ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሐዘንተኛው ይበልጥ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። ሦስተኛ፣ ልባችሁን የምትከፍቱለት አንድ ወዳጅ ወይም አንድ የነፍስ አባት ፈልጉ። አባ ገብረ ሚካኤል ከብዙ ዓመት ፍለጋ በኋላ አንድ ሰው አገኙ፤ ያ አንድ ሰው ለሕይወታቸው ሁሉ በቃ።

ለቀረነውም ትምህርቱ ግልጽ ነው። በቤታችን፣ በማኅበራችንና በቁምስናችን ዝም ያለውን ሰው ከመፍረዳችን በፊት እንታገሠው። መድረክ ላይ የማይወጣው ወጣት የቤተ ክርስቲያንን መጻሕፍት በመጠበቅ፣ ለአንድ ሕፃን ፊደል በማስቆጠር፣ ወይም አልጋ ላይ ለዋለ ሽማግሌ መጽሐፍ በማንበብ ሊያገለግል ይችላል። ልጁ ጨዋታ አልወድም ሲል የሚጨነቅ ወላጅም፣ ልጁ የሚያዝን እንደ ሆነና በብቸኝነት የሚጎዳ እንደ ሆነ ቀርቦ ይመርምር፤ ደስ ብሎት የሚያነብ ከሆነ ግን ይተወው። አባ ዩስጢኖስ ለአባ ገብረ ሚካኤል ጊዜ እንደ ሰጧቸው፣ እኛም ለእንዲህ ያሉት ጊዜ እንስጣቸው።

የጣና ደሴቶች ከከተማችን ዳር ሆነው በየቀኑ ይታዩናል። ከተማው ደሴቶቹ ለምን ከየብስ እንዳልተያያዙ አይጠይቅም፤ ደሴቶቹም ከከተማው አልተቆራረጡም፤ ታንኳው በመካከላቸው ይመላለሳል። በመካከላችን ያሉትም ጭምቶች እንደዚሁ ናቸው፤ ወደ እነርሱ የሚሻገር ታንኳ ይኑረን። የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ጸሎትና አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።